ገዳዩ የማይያዝበት ድራማ
ከወረታ ወደ አንበሳሜ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ አንድ ሽማግሌና አንዲት ጎልማሳ ሴት ተቀምጠዋል። ሾፌሩ ሬዲዮ ሲከፍት ሽማግሌው ወሬ ጀመሩ።

«ድሮ ሐሙስ ሐሙስ የሚያስፈራ ድራማ ነበር። በየሳምንቱ ሌላ ታሪክ። ሩዙን ማረም ትተን ነበር የምንሰማው።»

«እኔ ነበርኩ የምጽፈው፣ አባባ።»

«አንቺ? ታዲያ ለምን አቆምሽው?»

«እኔ አላቆምኩትም። መጀመሪያ አንድ ታሪክ ለሬዲዮ ጣቢያው በፖስታ ላክሁና ወደዱት። ከዚያ ሦስት ሰዎች ሆነን ጀመርነው። በር ሲንቋቋ ለማሰማት አሮጌ አልጋ እንነቀንቅ ነበር። የምትጮኸዋም ሴት እኔው ነበርኩ። ስድስት ዓመት ሠራን።»

«ኋላስ?»

«አዲስ አለቃ መጣና ‹ገዳዩ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ይያዝ› አለኝ።»

«ብታስይዥውስ ምን ነበረበት?»

«አላስይዝም አልኩ። ድራማውን ዘጉት።»

«ለአንድ የውሸት ገዳይ ብለሽ እንጀራሽን ተውሽ?»

«አባቴን የገደለው አልተያዘም፣ አባባ። ዛሬም አንበሳሜ ገበያ ይወጣል። ገዳይ ሁሉ ይያዛል ብዬ ለሰው ልዋሽ እንዴ?»



«አሁንስ ትጽፊያለሽ?»

«እጽፋለሁ። በስልኬ እቀዳና ሚሞሪ ላይ እየጫንኩ አድላለሁ። የገበያው ሱቆች ጮክ አድርገው ያሰሙታል።»

«ሰውዬው ቢሰማውስ? አትፈሪም?»

«እንዲሰማውማ ነው የምሠራው።»

መውረጃዬ ሲያልፍ በመስኮት አየሁት፤ ወራጅ ግን አላልኩም።