ጆሮን ያደነቆሩት እትዬ ርብትብት

ዛሬ ልንሸኛቸው የተሰበሰብነው እናታችን፣ እህታችንና ጎረቤታችን የመዝገብ ስማቸውን ከቤተሰብ በቀር የሚያውቀው ጥቂት ሰው በመሆኑ፣ እርሳቸውም በሕይወት ሳሉ «በዚያ ስም ካነበባችሁልኝ ለቀስተኛው ማን እንደሞተ ሳያውቅ ይበተናል» ብለው ስላስጠነቀቁ፣ በዚህ ዜና ሕይወት ውስጥ ሁላችንም በለመድነው ስም እትዬ ርብትብት እየተባሉ ይነሣሉ።

እትዬ ርብትብት ከውኃ ቧንቧ ሠራተኛው አባታቸውና ከአዋላጇ እናታቸው በታችኛው ሰፈር የተወለዱት፣ የውጪው አየር መርዝ ሆኖ ከተማው በሙሉ በአንድ ትልቅ ጣሪያ ሥር በተከደነ ማግስት ነበር። በር ሲንኳኳ፣ ማንኪያ ሲወድቅ፣ ሰው ከኋላቸው ሲያስነጥስ ብድግ ይሉ ስለነበር ስሙን ያወጡላቸው አባታቸው ናቸው። እናታቸው ስንቱን ሕፃን የተቀበሉ ሴት ሆነው ሳለ የገዛ ልጃቸው ልብ አመታት ግራ ገብቷቸው ሐኪም ዘንድ ቢወስዷቸው፣ ሐኪሙ ደጋግሞ ካዳመጠ በኋላ «በሽታ የለባትም፤ ስትፈጠር እንዲህ ናት፤ ብቻ አታስደንግጧት» ብሎ መለሳቸው። ይህ ምክር ግን ወንድምና እህት ባለበት ቤት የሚሠራ አልነበረም።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ሰፈራቸው ባለው ትምህርት ቤት ገብተው በሒሳብ ከክፍላቸው ልጆች የሚበልጧቸው ባይኖሩም፣ ሰሌዳ ላይ ወጥተሽ ሥሪ ሲባሉ ድምፃቸው እየጠፋ፣ አንድ ጊዜም ጠመኔ እንደያዙ ራሳቸውን ስተው ስለወደቁ፣ ትምህርቱን ትተው ከአክስታቸው ዘንድ ስፌት ተማሩ። የስፌት መኪና ድምፅ የልባቸውን ድምፅ ስለሚሸፍንላቸው ሥራውን ወደዱት፤ ሙያቸውም ተመስክሮላቸው የከተማው ጠባቂዎች የደንብ ልብስ በሚሰፋበት፣ በጠባቂዎቹ ሕንፃ ምድር ቤት ባለው የስፌት ክፍል ተቀጠሩ።

ባለቤታቸውን ያገኙትም እዚያው ነው። ኮርኒስ ሠሪው ባለቤታቸው ድምፃቸው ከሌላ ክፍል የሚሰማ፣ ፍርሃት የሚባል ያልፈጠረባቸው ግዙፍ ሰው ሲሆኑ፣ የክፍሉን ኮርኒስ ሲጠግኑ መዶሻ አምልጧቸው ሲወድቅ እትዬ ርብትብት ያሰሙት ጩኸት በጣም ስላሳቃቸው ከመሰላሉ ሊወድቁ ለጥቂት ተረፉ፤ በማግስቱም ይቅርታ ለመጠየቅ ብለው መጡ፣ ከዚያ በኋላ ግን ኮርኒሱ ምንም ሳይሆን መምጣታቸውን አላቋረጡም። ተጋብተውም አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ።

ጆሮ የተተከለው ልጆቹ ገና ሕፃናት ሳሉ ነው። ዛሬ ከመካከላችን ያሉ ወጣቶች ስለማያስታውሱት፣ ጆሮ ማለት በየግድግዳው በተቀበሩ ማዳመጫዎች የሰውን ሁሉ የልብ ምት የሚሰማ መሣሪያ ሲሆን፣ መጀመሪያ ልቡ የደከመ በሽተኛ ሳይታወቅ እንዳይሞት ታስቦ የተሠራ፣ በኋላ ግን ጠባቂዎቹ በእጃቸው አስገብተው ሰው የሚታደንበት ያደረጉት ነው። እያንዳንዱን ሰው ለብዙ ጊዜ አዳምጦ የወትሮ ምቱን ይለይና፣ ልቡ ከወትሮው ተለይቶ የመታ ሰው ሲገኝ ይጮኻል፤ ጠባቂዎቹም መጥተው «ምን ደብቀህ ነው የፈራኸው?» እያሉ ይወስዱታል። ከተወሰደው ደግሞ የሚመለስ ከስንት አንድ ነበር። ሰው መቆጣት ፈራ፣ መሳቅ ፈራ፣ ከሁሉ የከፋው መፍራትን ራሱን ፈራ።

እትዬ ርብትብትን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በየጊዜው እየወሰዱ ይመረምሯቸው ነበር። በኋላ ግን ጠባቂዎቹ ራሳቸው ሰለቻቸው። በር ሲዘጋም ልባቸው ይሮጣል፣ ሻይ ሲቀርብላቸውም ይሮጣል፣ ሲጠይቋቸውም ሲለቋቸውም ይሮጣል። በመጨረሻ አለቃው «ተዉአት፤ የእሷ ጤንነት ይሄው ነው» ብሎ መሣሪያው ያንን ምት እንደ ወትሮ ምታቸው እንዲይዘው አስደረገ።

ኮርኒስ ሠሪው ባለቤታቸው ታላቅ ወንድማቸው በጆሮ ምክንያት ከተወሰደባቸው ወዲህ ዝም ያሉ መስለው፣ የምድር ቤቱን ኮርኒስ በአዲስ መልክ እንዲሠሩ ሲታዘዙ ከሚገባው ዝቅ አድርገው ሰቀሉትና፣ በኮርኒሱና በኮንክሪቱ መካከል ሰው በሆዱ ተስቦ የሚያልፍበት ስውር ክፍተት ተዉ። ክፍተቱ ከስፌት ክፍሉ የጨርቅ መጋዘን ተነሥቶ፣ የጆሮ ገመዶች ሁሉ ተሰብስበው እስከሚያልፉበት መገጣጠሚያ ይደርሳል። ገመዱን የሚበላ አሲድ ያዘጋጀችላቸው ጎረቤታቸው የኤሌክትሪክ ሠራተኛዋ ነበረች። ይሁን እንጂ ያ ደፋር ሰው አሲዱን ይዘው ወደ ሕንፃው ሲያመሩ፣ ዕድሜ ልኩን ሮጦ የማያውቀው ልባቸው ያን ቀን ሮጠባቸውና ከበሩ ሳያልፉ ተያዙ። ጠርሙሱን ቦይ ውስጥ ጥለውት ስለነበር ምንም አልተገኘባቸውም፤ እርሳቸውም ስለ ክፍተቱ አንዲት ቃል አልተነፈሱም።

ከዚያ በኋላ ነው ጎረቤታቸው ወደ እትዬ ርብትብት የመጣችው።

«አሲዱን ይዤ እኔ ብሄድ ደረጃው ላይ ይይዙኛል። የአንቺ ልብ ግን ብትሰርቂም ብትጸልዪም ያው ነው» አለቻቸው።

«ፈሪ ስለሆንኩ ነው የምትልኪኝ?»

«አዎ እትዬ፤ ፈሪ ስለሆንሽ ነው።»

እትዬ ርብትብት በዚያን ዕለት በሩን ዘግተውባት ገቡ፤ ለብዙ ጊዜም ፊት ነሷት። ሐሳባቸውን ያስለወጣቸው ሴት ልጃቸው ናት። ልጅቷ አባቷ ከተወሰዱ ወዲህ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አልጋዋ ላይ እየተጋደመች ልቧን ዝም ማሰኘት ትለማመድ ነበር። መሳቅ ተወች፤ መሮጥ ተወች። አንድ ቀን እትዬ ርብትብት ሆን ብለው «አባትሽ ናፍቆሻል?» ቢሏት፣ ፊቷ ላይ አንዳች ነገር ሳይንቀሳቀስ፣ እንደ ባዕድ «አላውቅም» አለቻቸው። በማግስቱ የጎረቤታቸውን በር ያንኳኩት ራሳቸው ናቸው።

ልብስ ሲተኩሱ የሚረጩትን ውኃ የሚይዙበት ጠርሙስ ነበራቸው። ሥራው በተያዘለት ዕለት ጠዋት፣ ጎረቤታቸው ዳግም ያዘጋጀችላቸውን አሲድ በዚያው ይዘው፣ በበሩ ላይ ከቆሙት ጠባቂዎች ፊት ጉልበታቸው እየከዳቸው አለፉ፤ እንዲህ ሆነው ሲያልፉ ያልታዩበት ቀን ስላልነበረ ማንም ቀና ብሎ አላያቸውም። ጓደኞቻቸው ለሻይ ሲወጡ መጋዘን ገብተው፣ በጨርቅ ጥቅሎቹ ላይ ተንጠላጥለው፣ ባለቤታቸው ሳይቸነክሩ የተዉትን የኮርኒስ ሰሌዳ ገፍተው ወደ ጨለማው ገቡ።

ክፍተቱ እንዴት ያለ እንደነበር የሰማነው በኋላ ከራሳቸው አንደበት ነው። ኮንክሪቱ ጀርባቸውን ይፍቃል፤ አገጫቸው ሰሌዳው ላይ ነው፤ ቀና ማለት የለም፣ መዞር የለም፣ ትንፋሻቸው ያስነሣው አቧራ ተመልሶ አፍንጫቸው ውስጥ ይገባል። ጠርሙሱን በጥርሳቸው ነክሰው፣ ጣታቸው የነካው ሁሉ የሰው እጅ እየመሰላቸው፣ «አሁንስ ልመለስ» እያሉ ግን መዞር ስለማይቻል ብቻ ወደ ፊት እየተሳቡ፣ የሰው ጭን ከሚያህለው የገመድ እስር ደረሱ። አሲዱን ሲያፈስሱ ግማሹ መዳፋቸውን አቃጠለው። ጢሱ ዓይናቸውንና ጉሮሯቸውን ያዘው፤ ማሳል ግን ሞት ነበር፤ ምክንያቱም ከሥራቸው ያለው ጠባቂዎቹ ተቀምጠው የሚያዳምጡበት የጆሮ ክፍል ነው።

ሳላቸውን ውጠው ሲታገሉ ሰሌዳው ተንቋቋ። ከታች ሁለት ጠባቂዎች ንግግራቸውን አቆሙ። አንደኛው በዱላ ኮርኒሱን፣ ልክ ከሆዳቸው ሥር፣ ደጋግሞ መታ። ወዲያው ሌላው የመሣሪያውን ድምፅ ከፍ አደረገውና እትዬ ርብትብት የገዛ ልባቸውን ከሥራቸው እንደ ከበሮ ሲደለቅ ሰሙት።

«የማን ነው ይሄ?»

«የሰፊዋ ናት። ከግድግዳው ወዲያ ሸሚዝ ትሰፋለች።»

«ምን ሆና ነው እንዲህ የምትደልቀው?»

«መርፌ ወድቆባት ይሆናላ! አታውቃትም እንዴ?»

ተሳሳቁ። እርሳቸው የልብሳቸውን እጅጌ ነክሰው፣ ጆሯቸውን ሰሌዳው ላይ እንደለጠፉ፣ ያንን ድለቃ ያዳምጡ ነበር። ድንገት ድምፁ ተንተባተበ፤ ቀጥሎ ጭራሹን ቆመ። እትዬ ርብትብት ሞትኩ አሉ። ልቤ ቆመ፣ አለቀ፣ ልጆቼ ምን ይሆናሉ ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከታች ጩኸትና የወንበር መገልበጥ ሲሰማ፣ በተቃጠለ እጃቸው እንደ ምንም ደረታቸውን ቢዳስሱ ልባቸው እዚያው እየጋለበ ነው። የቆመው ጆሮ ነበር።

ወደ ኋላ እየተሳቡ፣ ቀሚሳቸው በሚስማር ተይዞ ተቀድዶ፣ እንዴት እንደወረዱ ሳያውቁት ወረዱና ከስፌት መኪናቸው ፊት ተቀመጡ። መዳፋቸውን በቁራጭ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ጠባቂዎቹ በኮሪደሩ ሲራወጡ አንድ እጅጌ ገልብጠው ሰፉ፤ የክፍሉ ኃላፊም «ዛሬ ደግሞ ምን ነክቶሻል?» ብላ ተቆጣቻቸው።

ጆሮ እንደደነቆረ ሕዝቡ ወዲያው አላወቀም። አንድ ሽማግሌ በዳቦ ሰልፍ ላይ ጠባቂ ገፍትሯቸው፣ ተናደው ቢጮኹና ጆሮ ባይጮኽ፣ ሊወስዳቸውም ማንም ባይመጣ፣ ሰልፈኛው እርስ በርሱ ተያየ። ያች መተያየት ከሰፈር ሰፈር ተዛምታ የእስር ቤቱን በር እስከ ማስከፈት ደረሰች። ባለቤታቸው ከስተውና ሸብተው ሲመለሱ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «አልፈራሽም?» የሚል ነበር። «ፈራሁ እንጂ! ፍርሃቴን የት ጥዬው ልሂድ?» አሏቸው።

እትዬ ርብትብት ከዚያ በኋላ ጀግና ሲሏቸው የሚሸሹ፣ ለምስጋና በተጠሩበት አዳራሽ በር ላይ ደርሰው የተመለሱ፣ ጠባብ ክፍል የማይገቡ፣ በራቸውን እየደጋገሙ የሚፈትሹ ሆነው ኖሩ። የዋጡት ጢስ ሳንባቸውን ጎድቶት ስለነበር ሳሉ በየዓመቱ እየበረታ፣ የሐኪሞች ርብርብ ቢደረግላቸውም ባለፈው ሳምንት ከአልጋ ዋሉ። በመጨረሻዋ ቀን የልጃቸውን እጅ ይዘው፣ መስኮቱ ወለል ብሎ እንደተከፈተ፣ ሰው ሁሉ እየሰማቸው «ፈራሁ ልጄ፤ በጣም ፈራሁ» አሉ። ልጃቸውም እያለቀሰች «እኔም ፈርቻለሁ እማዬ» አለቻቸው፤ እጅ ለእጅ እንደተያያዙም እትዬ ርብትብት አረፉ።

እትዬ ርብትብት ባለቤታቸውን፣ ሴት ልጃቸውንና ወንድ ልጃቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ ወንድምና እህቶቻቸውን፣ እንዲሁም ዛሬ ድምፅዋን ሳትቀንስ የምታለቅሰውን ጎረቤታቸውን የኤሌክትሪክ ሠራተኛዋን ትተው አልፈዋል። የፈጠራቸው አምላክ ያን ሁሉ ዘመን የሮጠውን ልባቸውን በመዳፉ ይዞ ያሳርፍልን፤ ነፍሳቸውንም በር በማይንኳኳበት፣ ማንም በማያስደነግጣቸው ቦታ ያኑርልን፤ ለእኛም ለቀረነው መጽናናቱን ይስጠን። አሜን።