አጥንት ሳይሰበር

በስደት በምኖርበት ከተማ፣ ከሄልስፊር ወደ ሮመን ጣቢያ በሚሄደው ባቡር ውስጥ፣ ከፊቴ ያለች ወጣት አጠገቧ ለተቀመጡ አንዲት እናት ስለ አንድ ረቂቅ ሕግ ታስረዳቸው ነበር።

«ሕጉ ከጸደቀ ሃምሳ ዓመት ያለፋት ሴት ሁሉ አጥንቷ ሳይሰበር በፊት መሳሳቱን በነፃ ትመረመራለች። ትደግፊዋለሽ፣ እማማ?»

«‹እማማ› ብለሽ ደግሞ ‹አንቺ› ትይኛለሽ?»

«ይቅርታ፣ አማርኛዬ ከእናቴ ኩሽና ወጥቶ አያውቅም።»

«ግድ የለም። እህቴ አምና ከወንበር ስትነሳ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። እንደተኛች አረፈች።»

«እግዚአብሔር ያጽናዎት። ሐኪም ምንም አላዘዘላትም ነበር?»

«ለአጥንት ይበጅሻል፣ የዓሣ ዘይት በየቀኑ ውሰጂ ብሏት ነበር። ጾም ሲገባ ግን ትተወው ነበር። ጾማችን ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል።»

«ለመድኃኒትማ የንስሐ አባቷ ይፈቅዱላት ነበር።»

«ይፈቅዱላት ነበር። ለዚህ እኮ ነው ያልጠየቀቻቸው።»

«እርስዎ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር። እንዲያውም በጥንካሬዋ እኮራ ነበር። አጥንቷ እንደሳሳ ተመርምራ ቢነግሩን ኖሮ፣ እኔው በማንኪያ አጠጣት ነበር።»

«እንግዲያው ሕጉን ይደግፉታል?»

«ለእሷ አልደረሰላትም እንጂ እደግፈዋለሁ። አንቺ ግን ሕጉን ሳትጠብቂ እናትሽን ጠይቂያት፤ በጾም ምን ምን እንደምትተው።»



«ጠይቄያት አላውቅም» አለች ልጅቷ።

ሮመን ስወርድ ለሟቿ እህት በልቤ ልጸልይላት ብጀምር፣ የክርስትና ስሟን አለማወቄ ታወሰኝ።