በጥፍር የሚለይ ፎቶ

አሮጌ ፎቶ እንደምሰበስብ ወረታ ያለ ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። አንድ ቀን ሁለት ወንድማማቾች ገጠር፣ ቁሐር ሚካኤል ድረስ አስጠሩኝ። ሟች አባታቸው ጠመንጃ አንግተው የተነሱት አንድ ፎቶ ነበራቸው። ጎንደር ያለ ፎቶ ቤት ያንኑ ፎቶ እንደገና ፎቶ አንስቶ ሁለተኛ አወጣላቸው። ከዚያ ወዲያ ሁለቱም "ዋናው የእኔ ነው" ብለው ተኳረፉ። ያላቸው ደግሞ አንድ አንድ በሬ ነው፤ ካላቀናጁ አያርሱም። ክረምቱ ሜዳውን ውሃ ሊያለብሰው ደርሷል፣ መሬቱ ጦሙን ሊያድር ነው።

ሁለቱን ፎቶዎች ተቀብዬ፣ "ቀላል ነው" አልኋቸው። "ሁለቱም ላይ የእጥፋት መስመር ይታያል። የታጠፈው ግን ዋናው ብቻ ነው፤ ጥፍር ይይዛል። የሌላው እጥፋት ሥዕል ነው፣ ያንሸራትታል።"

ዳስሼ ለየሁት። ልናገር ስል እናታቸው እማሆይ የሺ ከመደቡ ላይ ሆነው፣ "ፎቶዎቹን ሁለቱንም ወዲህ በል" አሉኝ። ሰጠኋቸው። በጥፍራቸው ዳሰሱና ለስላሳውን ልክ መስመሩ ላይ አጥፈው በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት። ከዚያ ሁለቱንም ጋቢያቸው ውስጥ ቀላቅለው ጭኔ ላይ ጣሉልኝ።

"በል እንግዲህ፣ አሁን ለይ!"

ፎቶ ሲታጠፍ ማየት አንጀቴን ያሳርረኛል። ጥፍሬን አስኬድሁ፤ ሁለቱም ያዙ። ልጆቹ አፍ አፌን ያያሉ።

"አይለይም፣ እማሆይ" አልሁ።

"ሰማችሁ? በሉ ተነሱና በሬያችሁን አቀናጁ!"

የፎቶዎቹን ጀርባ ብገለብጥ የወረቀቱ እርጅና ይነግረኝ ነበር። አልገለበጥሁም።