ለአባቷ ምን ይባል

ከገዳሪፍ ወደ ኡም ጋርጉር የስደተኞች ካምፕ በተሳፈርንባት ሐፍላ አውቶቡስ ውስጥ፣ ከኋላዬ የተቀመጠ ወጣት ሊያገባት የሚፈልጋትን ልጅ ከአባቷ ሊጠይቁለት የሚሄዱትን ሽማግሌ አጅቦ ይጓዛል።

«አባቷ ሥራው ምንድን ነው ሲሉኝ ምን ልበል?»

«የኮምፒውተር ቋንቋ ፈጠረ ይበሉ፣ ጋሼ። አምስት ትእዛዝ ብቻ ነው ያለው።»

«ምን ይሠራል?»

«ሁሉንም። ሁለትና ሦስት ለመደመር ግን አንድ ገጽ ይፈጃል።»

«በጣት አይደመርም?»

«ይደመራል።»

«እንግዲህ ቀላሉን ታከብዳለህ ማለት ነው።»

«አዎ፣ ገባዎት።»

«ምኑ ገባኝ? ማን ይጠቀምበታል?»

«እኔና እሷ። ትእዛዞቹ ስምንት ነበሩ፤ ሦስቱን ትርፍ ናቸው ብላ ያስወጣችው እሷ ናት።»



«ኻላስ፣ በቃ። እኔ ፋሽጋ እርሻ ላይ ሰሊጥ ያጭዳል እላለሁ፤ ይህን እሷው ታስረዳቸው።»

የትኞቹን ሦስት እንዳስወጣች ልጠይቀው ዞር አልኩና፣ የሁለቱ ነገር ነው ብዬ መልሼ ወደ መስኮቱ ተመለከትኩ።