ክሩ ሲሄድ ስፒሏ ቀረች

እስቲ ቀጥ ብለሽ ቁሚልኝ፣ እህት ዓለም፤ የቀሚሱን ጫፍ ልለካው። ጎሽ! ቀሚሱ ነው ያጠረው ወይስ አንቺ ነሽ የረዘምሽው... በዚህ ዕድሜ? ስፒል በአፌ ይዤ ሳወራ አትሳቂብኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲሁ ለፍልፌ አንዷንም አልዋጥኩ።

ልጆቹስ? ፈተና ደረሰ አይደል? ሰኞ እንግሊዝኛ ነው አሉ፣ የመጨረሻው። እኔማ ከሦስተኛ ክፍል ስወጣ ከእንግሊዝኛው «ጉድ ሞርኒንግ»ን ብቻ ይዤ ወጣሁ፤ እሷንም የምላት ሲመሽ ነው። የዛሬ ልጆች ግን... እሰይ!

አንዲት የማውቃት ልጅ አለች። ስም አልጠራም፤ ስም ከጠሩ ሐሜት ይሆናል። አክስቷ ዘንድ ተቀምጣ ነው የምትማረው። አክስቷም እንደኔው ልብስ ሰፊ ናት፤ መልኳም ቁርጥ እኔን፣ ቆንጆ። ታዲያ ይቺ ልጅ ጥናት ስትወድ! «ዕቃ አጣጥቢ» ሲሏት «እያጠናሁ ነው»፤ «ከሱቅ ክር አምጪ» ሲሏት «እያጠናሁ ነው»። በሯን ዘግታ ድምፅ የላትም። አንዳንዴማ ጥናቱ ሲጠልቅላት ትንፋሿ እስከዚህ... እስከ አክስቷ የስፌት መኪና ድረስ ይሰማል። ኩርርር! እንግሊዝኛ ከአፍንጫ ነው የሚወጣው ይሉ የለ?

አክስቷ ምስኪን ምን ታውቃለች? የጥናቱን ነገር የምትከታተለው በቀይ ክር ነው። ልጅቷ ከእንግሊዝኛ መጽሐፏ የደረሰችበት ገጽ ላይ ክር ታስገባለች፤ አክስት ጫፉን አይታ ትደሰታለች። ዛሬ እዚህ፣ ነገ ከዚያ አለፍ... ትናንት መጨረሻው ላይ ደረሰ! ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አይደል የሚባለው? እዚያ ቤት ግን በእግሩ የሄደው ክሩ ነው። እንቁላሉ እዚያው ቁጭ ብሏል።

እንዴት አትይኝም? ከሦስት ሳምንት በፊት ልጅቷ «አስተማሪው ፈተናው በብዛት ከዚህ ይወጣል ብሎናል» ብላ መሃል ላይ ሠላሳ ገጽ ያህል ብታሳያት፣ አክስት እንዳይጠፋባት ብላ እንደ ቀሚስ ጫፍ ሰብስባ በስፒል ወጋችላት። ምን ታድርግ፣ ጨርቅ መሰላት! ትናንት ታዲያ አቧራውን ላራግፍ ብላ መጽሐፉን ብታነሳው... ክሩ ከመጨረሻው ገጽ፣ ስፒሏ ከቦታዋ! ዝገት ሁሉ ጀምሯታል።

አቤት ዓይን! ተወግቶ የተዘጋውን አልፎ የሚያነብ! ሐኪም እንኳ ሆድ ውስጥ ለማየት መሣሪያ ይፈልጋል። አያያዟስ ብትይ! «ካያያዝ ይቀደዳል» ይላሉ፤ የሷ መጽሐፍ ግን እንደተገዛ ነው። ካልተያዘ በምን ይቀደዳል?

ኧረ አትዙሪ፣ ይወጋሻል! በሩ ነው? ነፋስ ነው የገፋው። ሰሞኑን ነፋሱ ቆሞ ማዳመጥ ለምዷል።

ብታልፍ እኮ የነርስ ትምህርት ቤት ትገባለች። አክስቷ የጋዋኑን ነጭ ጨርቅ ገዝታ በሳጥን አስቀምጣለች፤ ለማንም አልነገረችም። ደግሞ ለማንኛውም ብላ... ያቺን ሁለተኛዋን የስፌት መኪና ዘይት ቀብታታለች። ከሁለቱ አንዱ መቼም ልጅቷን ይጠብቃታል። ገና ሁለት ቀን አለ፤ ስፒል ለመንቀል ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ምናልባት ይሄን የሚነግራት ሰው አጥታ ይሆናል... እኔ እንደሆንኩ በሰው ቤት አልገባም።

በይ እንመርቃት፣ የሰው ልጅ ናት። አምላክ ድካሟን ይቁጠርላት! ያነበበችውን ያህል፣ ያነበበችውን ብቻ ቆጥሮ፣ ሳይጨምር ሳያጎድል፣ ልክ በልኳ ይስጣት! አሜን በይ እንጂ!... አሜን።

ይገርማል፤ ከጓዳ በኩል አሜን ያለ የለም።