የአማቱን ፍራሽ የበላው ስፒከር

አጸደ የቅዳሜ ልብስ አጠባዋን ስትጀምር ወሬዋ የስኳር ወረፋ ነበር። ቀበሌ ሱቅ ስኳር ገባ መባሉን፣ ሄዳ ተሰልፋ ልክ ተራዋ ሲደርስ ማለቁን፣ የዘንድሮ ሳሙና ደግሞ ከእድፉ ይልቅ እጅ መላጥ እንደሚቀናው፣ ከቆርቆሮው አጥር ወዲያ ለምታጥበው ለጎረቤቷ ለሃጂራ አንድ በአንድ አወራቻት። ሃጂራ የአጸደን ወሬ አካሄድ ታውቀዋለች። ከስኳር ተነስታ የት እንደምታርፍ ለመስማት ልብሱን ቀስ አድርጋ ትጨምቅ ጀመር።

ከአጸደ ጀርባ የውስጠኛው ክፍል መስኮት ተከፍቷል። እዚያ ውስጥ ባሏ መኳንንት ተቀምጧል፤ ጭኑ ላይ የአምስት ዓመቷ ልጃቸው አልማዜ፣ ፊት ለፊቱ ደግሞ ደረት የሚደርሱ ሁለት የስፒከር ሳጥኖች። መኳንንት የሚሠራው ማተሚያ ቤት ነው። ሳምንቱን ሙሉ ማሽን ሲጮህበት የሰነበተ ጆሮ ቅዳሜን ጥሩ ነገር ቢሰማ ማን ይፈርድበታል? አጸደም አልፈረደችም። አምፕሊፋየሩን አገር ለቆ ከሚሄድ ፈረንጅ ሲገዛ ዝም አለች። ስፒከሮቹን ከምናለሽ ተራ ለቃቅሞ አምጥቶ ሳጥኑን ራሱ ሲመታ፣ ምስማር ያቀበለችውም እሷ ናት። ጣጣው የመጣው ኋላ ነው፤ ማስተካከል የሚባለው ነገር ሲጀመር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወፍራም ድምፅ ክፍሉን ያንቀጠቅጠዋል፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ላላ ያለ ነገር ካለ አብሮ ይዘፍናል። በዚያ ክፍል ውስጥ ደግሞ የአጸደ እናት ወይዘሮ አስካለማርያም ከቢቸና በመጡ ቁጥር የሚተኙበት የሽቦ አልጋ ነበር። ከበሮው ድም ባለ ቁጥር ሽቦው ይንጫጫል። መኳንንት አልጋውን ፈታትቶ አወጣና ከማድቤቱ ግድግዳ አስደገፈው። ቀጥሎ ደግሞ ሳጥኖቹ ባዶ በመሆናቸው ድምፃቸው የበርሜል ድምፅ ሆነበት። የዚህ መድኃኒቱ ውስጣቸውን ጥጥ መጎዝጎዝ ነው። ጥጥ ከየት ይምጣ? ሩቅ አልሄደም፤ የአልጋው ፍራሽ እዚያው ነበር። እናትየው በገዛ እጃቸው ዳምጠው፣ ልጄ ስትወልድ ይመቻት ብለው የላኩት ጥጥ እፍኝ እፍኝ እየሆነ ሳጥን ውስጥ ገባ። እውነት ለመናገር ድምፁ አማረ።

እንግዲህ እኚሁ እናት ዓይናቸውን ሊታከሙ ነገ በአውቶቡስ ይገባሉ። የት እንደሚተኙ አጸደ ሰኞ ጠየቀችው፣ ሐሙስ ደገመችለት። ሁለቴም፣ እስኪ መጀመሪያ ይቺን ላስተካክል፣ ነበር መልሱ። እሷ ደግሞ ከባሏ ጋር አፍ መካፈት አትወድም። ስለዚህ ወደ አጥሩ ጠጋ አለችና ድምፅዋን ከወትሮው ከፍ አደረገች።

"ሃጂራዬ፣ አየር ጤና አካባቢ ስላለው ሰውዬ ነግሬሽ ነበር እንዴ?... ስሙ እንኳ ጠፋብኝ። ጎበዝ ሰው ነው። ጆሮ ብትይ... መርፌው ሸክላው ላይ ሳያርፍ አቧራ መኖሩን ይሰማል አሉ። ይሄ መታደል አይደለም? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የሱ እንኳን ለራሱ የሥጋ ዘመድ ነው... ለሚስቱ ብቻ ነው ባዳ የሆነው።"

ከመስኮቱ የሚወጣው የሳክስፎን ድምፅ ትንሽ ዝቅ አለ። አጸደ ልብ እንዳላለ ሰው አንድ ሸሚዝ አንስታ አራገፈች።

ከዚያ የሰውየውን ሙያ ትዘረዝር ገባች። ሸክላ ማጫወቻው ዘንበል ብሎ እንደሆነ ለማወቅ ላዩ ላይ ውሃ የሞላ ብርጭቆ ያስቀምጣል አለች፤ ውሃው ወደ አንድ ወገን ካዘመመ ከእግሩ ሥር ካርቶን ይሸጉጣል። እንዴት ያለ ጥንቃቄ ነው? ቤት ወዴት እንዳዘመመ የሚያሳይ ብርጭቆ ቢገኝ ኖሮ ስንት ባለትዳር ይገዛው ነበር ብላ ተከዘች። ሚስቱ የሠራችውን ዳንቴል ከስፒከሩ ላይ ማንሳቱንም አልደበቀችም። ልክ ነው አለች፤ ዳንቴል ቀጭኑን ድምፅ ይውጣል፤ የሴት ድምፅ ደግሞ ቀጭን ስለሆነ መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው። ይሄን ያህል ለሴት ድምፅ የሚጨነቅ ወንድ ከየት ይገኛል?

የወንበሩን ነገር ግን ከራሷ አፍ መስማት ይሻላል።

"ከሁለቱ ሳጥን እኩል ካልራቁ ድምፁ ወዳንዱ ያደላል አሉ። ስለዚህ እዚያ ክፍል ውስጥ አንድ ወንበር ብቻ ነው ያለው፤ መሀል ላይ። እንግዳ ቢመጣስ ትይኛለሽ... እሱማ እንግዳ ይወዳል። ሰዓት እላፊ የያዘው መንገደኛ እንኳ በኛ አገር ማደሪያ አያጣም፣ እንኳንስ ዓይኗ የደከመ አሮጊት። ቦታው ስለሌለ ነው እንጂ... ቦታው እኮ ተለክቷል።"

ሙዚቃው ቆመ። መኳንንት ጉሮሮውን ሲጠራርግ ተሰማ፤ ወንበር ተንቀሳቀሰ። አጸደ መጨመቋን ትታ ጠበቀች። ውስጥ አንድ ሳጥን ሲሚንቶው ላይ እየጮኸ ትንሽ ተጎተተ፤ ከዚያ ያው ሳክስፎን እንደገና ጀመረ። መኳንንት ሳጥኑን የጎተተው ቦታ ሊለቅ አልነበረም፤ ከግድግዳው ሲርቅ እንዴት እንደሚሆን ሊሰማ ነው። አልማዜም ከውስጥ፣ አባዬ አሁን አማረ፣ ስትል ተሰማች።

አጸደ ፈገግ አለች። ከልቧ ነበር፤ ይሄ ጠባዩ ነው እኮ መጀመሪያም ያስወደዳት። ግን ነገ ሩቅ አይደለም። የሽቦ አልጋው ደግሞ ከማድቤቱ ግድግዳ ተደግፎ የትናንቱን ዝናብ እያንጠባጠበ ነው።

"ስሚኝማ ሃጂራ፣ የሰው ወርቅ አያደምቅ ያለው ማነው? የሰው ጥጥ እንዴት እንደሚያደምቅ ስላላየ ነው። ሰውዬው የአማቱን ፍራሽ ሳጥኑ ውስጥ ጎዘጎዘው፤ ድምፁ ቅቤ ሆነ። አሮጊቷ ስትመጣ ጥጧ ላይ ባትተኛ ቁጭ ብላ ታዳምጠዋለች... ማለቴ ቆማ። ወንበሩ አንድ ነው ብዬሻለሁ።"

ሃጂራ ሳቋን ለማፈን እርጥብ አንሶላ ፊቷ ላይ ያዘች። አጸደ እጇን በቀሚሷ አደረቀች፤ ድምፅዋንም አለሰለሰችው። የምታመርር ከመሰለች ምርቃቱ አይሰምርም።

"እኔ መቼም እንዲህ የሚለፋ ሰው ሳይመረቅ ሲቀር አልወድም። ሴት ልጅ አለችው አሉ፤ ጭኑ ላይ ካልተቀመጠች ሙዚቃ አይጥማትም። እግዜር ያሳድግለት። ለወግ ለማዕረግ ያብቃለት። እሱም ዕድሜ ይጥገብ... ፀጉሩ ይሸብት፣ ዓይኑ ደከም ይበል፣ ከዘራውን ይዞ ልጄን ብሎ ደጇ ይድረስ። ያን ጊዜ ልክ እንደሱ ያለ አማች ይስጠው። ሙዚቃ የሚያውቅ። ቤቱን አንድም ሳያዛንፍ አስተካክሎ የጨረሰ... እሱ በሩን ከፍቶ ይቀበለው። አሜን በይ እንጂ ሃጂራዬ፣ ትልቅ ምርቃት እኮ ነው።"

ሳክስፎኑ መሀል ላይ ተቋረጠ። ብዙም ሳይቆይ ካቻቢቴ ከእንጨት ላይ ብሎን ሲፈታ ተሰማ፤ የመጀመሪያው፣ ሁለተኛው። ከዚያ አንድ እቅፍ ጥጥ፣ ከኋላውም የአልማዜ ሁለት ትናንሽ እጆች፣ ፀሐይ ወዳረፈበት መስኮት ብቅ አሉ።