ጋሽ ሀብተሚካኤልና ስምንቱ ፓውዛዎች

ከማስተማር ሥራ በጡረታ ከተሰናበትኩ ወዲህ በሆሳዕና ከተማ ሳይጠየቅ ምክር የሚሰጥ ሰው ሆኛለሁ። ባለቤቴ ይህን ጠባዬን በሽታ ትለዋለች፤ እኔ ግን ግዴታ እለዋለሁ። በጥቅምት ወር አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ከመናኸሪያው ጀርባ ወዳለው የሊዲያ ጋራዥ የሄድኩት የተበላሸች ራዲዮዬን ለማሠራት ነበር። አጋጣሚ ካገኘሁም አንድ ሁለት ነገር ልመክር አስቤ እንደነበር አልደብቅም።

ሊዲያ የመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ በኮሌጅ ተምራ የራሷን ጋራዥ የከፈተች ወጣት ናት። ጂኦግራፊ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ አንድም ቀን ግን ገብቷት አያውቅም። የመኪና ሽቦ ላይ ስትሆን እጇ አይሳሳትም።

ራዲዮዬን ጠረጴዛው ላይ ሳላሳርፍ አንድ አይሱዙ የግቢውን በር ሞልቶ ገባ። ድንችና ጎመን እስከ አፍ ጢሙ ተጭኗል። ከጋቢናው አናት ላይ ስድስት ትልልቅ ፓውዛዎች ስለተደረደሩ መኪናው ሠርግ የሚሄድ ይመስል ነበር። ከመሪው ጀርባ ጎረቤቴ ጋሽ ሀብተሚካኤል ተቀምጠዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሌሊት አትክልት ወደ አዲስ አበባ ሲያመላልሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ከጎናቸው ባለቤታቸው እትዬ ገነቴ ቀይ ጃንጥላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው አኩርፈዋል።

«ጡማ!» ብለው ጋሽ ሀብተሚካኤል በሀዲይኛ ሰላም አሉንና ወረዱ። ድምፃቸው ከመኪናቸው ጡሩምባ አይተናነስም። «ልጄ ሊዲያ፣ ሁለት ፓውዛ ጨምሪልኝ። ስምንት ይሙሉ።»

«ስድስቱ ምን አነሱ ጋሼ?»

«ስድስትማ የሆመቾው ብርሃኔም አለው!»

እዚህ ላይ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አለብኝ። በዚህ መንገድ በሚመላለሱ የጭነት ሾፌሮች ዘንድ ያልተጻፈ ሕግ አለ። በጨለማ ሁለት መኪና ፊት ለፊት ሲገናኝ፣ ረጅም መብራቱን ቀድሞ ወደ አጭር ያወረደ ተሸናፊ ይባላል። ማን ማንን እንዳስወረደ በማግስቱ ቁርስ ቤት እየተሳቀ ይወራል። ጋሽ ሀብተሚካኤልና ብርሃኔ ደግሞ የዚህ ጨዋታ አውራዎች ናቸው። እኔ ይህን ሞኝነት ስሰማ ደሜ ይፈላል።

«አያቴ መቶ ከብት ቆጥሮ አገር የደገሰለት ሰው ነበር» አሉ ጋሽ ሀብተሚካኤል ደረታቸውን ነፍተው። «እኔ ከብት ባይኖረኝ መብራት ልቁጠር እንጂ!»

«የአያትዎ ከብት ወተት ይሰጥ ነበር» አለች ሊዲያ በትሕትና። «ይኼ ምን ይሰጣል?»

«ክብር ይሰጣላ! ባለፈው ጃጁራ መገንጠያ አጠገብ አንድ ባለ ተሳቢ መጣብኝ። ስድስቱንም ቦግ ሳደርግበት ዳር ይዞ ቆመ። እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ሰላምታ ሰጠኝ።»

«ዓይኑን እየሸፈነ ነበር እኮ ጋሼ።»

«ቢሆንስ? ቆሟል አይደል?»

ይህን ጊዜ ጣልቃ ገባሁ። «ባይቆምስ ኖሮ? ዓይኑ የጠፋበት ሾፌር ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ወደፊቱ ነዋ።»

«ከፊቱ የነበረው ማን ነው?»

ጋሽ ሀብተሚካኤል ወደ ራዲዮዬ ጠቆሙ። «መምህር» አሉኝ፣ «እርስዎ ራዲዮዎን ያሠሩ።»

እትዬ ገነቴ በጋቢናው መስኮት አንገታቸውን አወጡ። «ንገሩት እባካችሁ! እኔን እምቢ ብሏል። ባለፈው ሳምንት ሣር የጫነች አህያ ለጥቂት ነው ያልጨረሰው፤ የተረፈችው በራሷ ብልሃት ነው። ዓይንህ ደክሟል፣ ሌሊት ሌሊት ልጃችን አዶናይ ይንዳ ብለው አይሰማኝም። ዛሬም ይኸው ሊወጣ ነው!»

«አዶናይ ልጅ ነው!»

«የሁለት ልጆች አባት ነው!»

«ዓይኔ ደግሞ የንስር ነው! መስኮቱን ዝጊው፣ ብርድ ይገባሻል።»

እትዬ ገነቴ መስኮቱን ዘጉት። አዘጋጋቸው ግን ከብርዱ ይልቅ ባላቸውን የሚመለከት ነበር።

ሊዲያ ክርክሩን ወደ ሥራዋ መለሰችው። ወደ መኪናው ፊት ሄዳ የዋናውን መብራት መስታወት በጣቷ ስትጠርገው ጣቷ ቡናማ ሆኖ ተነሣ። «ጋሼ፣ ዋናው መብራት ጭቃ ለብሶ ተጨማሪ መብራት መግዛት ፊትን ሳይታጠቡ ኩል እንደ መኳል ነው» አለች። ቀጥላ ኮፈኑን ከፈተች። ስድስቱ ፓውዛዎች በአንዲት ቀጭን ሽቦ ላይ ተንጠልጥለዋል፤ ሽቦዋ የተቀጠለችበት ቦታ በፌስታል ተጠቅልሏል።

«ማነው ይህን ያሠረው?»

«እኔው ነኝ። ለጭነት ስቸኩል።»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ሲባል አልሰሙም? ይህች ሽቦ አንድ መብራት እንኳን በወጉ አትችልም። ስትግል ፌስታሉ ይቀልጣል፣ ከዚያ እሳት ነው። ፊውዝ የላት፣ መብራቱን የሚያበራና የሚያጠፋ ሪሌ የላት። ባትሪውስ ጠዋት ጠዋት እያስገፋዎት አይደለም?»

«መግፋት ለጤና ጥሩ ነው» አሉ ጋሽ ሀብተሚካኤል፣ ዓይናቸውን ወደ ሌላ እያዞሩ።

«እሺ። ከዱራሜ ወይም ከአንጋጫ ሲጭኑ ጭጋግ ይገጥምዎታል። ያኔ ምን ያደርጋሉ?»

«ስድስቱንም አበራለሁ። ግን ምን ያደርጋል፣ ጭጋጉ እንደ ነጭ ግድግዳ ይቆምብኛል። ሁለት የምጨምረው ለዚሁ እኮ ነው!»

«ጋሼ፣ ግድግዳውን የሚሠራው መብራቱ ራሱ ነው። ከአናት ላይ የሚወርድ ብርሃን ጭጋጉን መትቶ ወደ እርስዎ ዓይን ይመለሳል። ስምንት ሲያደርጉት ግድግዳውን ያወፍሩታል እንጂ አይበሱትም። ለጭጋግ የሚሆነው ከፓራውልቱ በታች ዝቅ ብሎ የሚታሠር፣ ብርሃኑ ወደ ጎን የሚሰፋ፣ ወደ ላይ ግን የማይነሣ መብራት ነው። ሁለት ይበቃል። ለሩቅ ደግሞ ብርሃኑ ተሰብስቦ ርቆ የሚሄድ ሌላ ሁለት። እነሱ ከረጅሙ መብራት ጋር በሪሌ ይታሠራሉ፤ ሰው ሲመጣ ረጅሙን ሲያወርዱ አብረው ይጠፋሉ። ይህ አናትዎ ላይ የሰቀሉት ፓውዛ ግን ብርሃኑን ዝም ብሎ የሚበትን ነው። የተሠራው ለግቢና ለጭነት ማራገፊያ ነው።»

ይህን የመሰለ ግልጽ ትምህርት በክፍሌ ውስጥ ሰጥቼ ቢሆን ኖሮ ጡረታ ባልወጣሁ ነበር። ጋሽ ሀብተሚካኤል ግን እጃቸውን አወናጨፉ። «መጽሐፍ ሌላ፣ መንገድ ሌላ! ሠላሳ ዓመት በጨለማ የነዳሁ ሰውዬ በኮሌጅ ልጅ ልመከር? ሁለቱን እሠሪልኝ፣ ካልሆነ ሌላ ጋራዥ እሄዳለሁ።»

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ልል አፌን ስከፍት ሊዲያ ቀደመችኝ። «እሠራለሁ ጋሼ፤ ያውም በነፃ። አንድ ነገር ብቻ ያድርጉልኝ። እዚያ ጥግ የቆመው ባጃጅ ውስጥ ይቀመጡና መኪናዎን ከፊት ይዩት። መብራቱ በርቶ ከፊት አይተውት ያውቃሉ?»

ጋሽ ሀብተሚካኤል አላዩትም። እንዴትስ ያዩታል? በዚያ መንገድ ከሚመላለሰው ሰው ሁሉ ያ መኪና ፊት ለፊት መጥቶበት የማያውቅ እርሳቸው ብቻ ነበሩ።

ነፃ የሚለው ቃል ስለጣማቸው ተስማሙ። ፀሐይ ጠልቃ ግቢው ደንግዟል። ባጃጁ ከአይሱዙው ትይዩ በግቢው ሌላኛው ጫፍ ቆሟል። ጋሽ ሀብተሚካኤል ከመሪው ኋላ፣ እኔ ከኋላ ወንበር ተጨናንቀን ተቀመጥን። ሊዲያ የመኪናው ማብሪያ ጋ ሄደች።

«ላብራ ጋሼ?»

«አብሪው! ጌጡን ልየው!»

ቦግ አለ። በእውነት እላለሁ፣ ዓይኔ ውስጥ አሸዋ የተበተነብኝ መሰለኝ። ጋሽ ሀብተሚካኤል እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አደረጉ።

«ለማን ነው ሰላምታ የሚሰጡት?» አልኳቸው። አላስቻለኝም።

«ዝም ይበሉ መምህር!»

«ምን ይታይዎታል ጋሼ?» ሊዲያ ከብርሃኑ ወዲያ ጮኸች።

«ምንም! ፀሐይ ብቻ!»

«ከመኪናው ፊት ሰው አለ?»

«የለም! ድመት እንኳ የለም!»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«በአያቴ ከብት እምላለሁ፣ ማንም የለም!» አሉ ጋሽ ሀብተሚካኤል። ከዚያ ትንፋሻቸው ረዘመ፣ ትከሻቸውም ወደቀ። በዚያ ጡሩምባ ድምፃቸው፣ ሚስጥር የሚያንሾካሹኩ እየመሰላቸው፣ ለእኔ እንዲህ አሉኝ፦ «መምህር፣ እንግዲህ ገነቴ ጋቢና ውስጥ ዘግታ ስለተቀመጠች ልንገርዎት። ከክረምት ወዲህ ሌሊት መንገዱ አይታየኝም። የሚመጣ መኪና ሁሉ ዙሪያውን ፀጉር ያበቀለ ይመስለኛል። ያቺን አህያ ያየኋት ካለፍኳት በኋላ ነው። መብራት የምደረድረው ለብርሃኔ ብዬ አይደለም፤ ቢታየኝ ብዬ ነው። ለገነቴ እንዳይነግሯት። ጉረኛ ትበለኝ። ጉረኛ መባል ይሻለኛል።»

ምክሬን ትቼ እጄን ትከሻቸው ላይ አሳረፍኩ።

ሊዲያ መብራቱን አጠፋች። ዓይናችን ቀስ በቀስ ወደ ቦታው ሲመለስ መጀመሪያ የታየን አንድ ቀይ ነገር ነበር። ጃንጥላ ነው። ከመኪናው አፍንጫ ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ብለው፣ በግቢው መካከል፣ እትዬ ገነቴ ጃንጥላቸውን እንደ ምርኩዝ ይዘው ቆመዋል። መቀመጥ ሰልችቷቸው መብራቱ ሳይበራ ወርደው ኖሯል።

«ገነቴ…» አሉ ጋሽ ሀብተሚካኤል ከባጃጁ እየወረዱ። «ከመቼ ጀምሮ ነው እዚያ የቆምሽው?»

«ድመት እንኳ የለም ካልክበት ጀምሮ» አሉ እትዬ ገነቴ። «የንስር ዓይንህ እኔን የሚያህል ሰው አላየም።»

«ከመብራቱ የተነሣ ነው። መምህሩም አላዩሽም፣ ጠይቂያቸው።»

«መንገድ ላይ ብሆን ኖሮ መብራቱ ነው ብለህ ትቀብረኝ ነበር?»

ጋሽ ሀብተሚካኤል ባርኔጣቸውን አውልቀው እጃቸው ላይ አሽከረከሩት። እትዬ ገነቴ ተጠጓቸው። ድምፃቸው ተለወጠ።

«እኔ እኮ ጉራ መስሎኝ ስሰድብህ ከረምኩ። ፈርቼ ነው ብትለኝ ምን ነበረበት?»

«ሾፌር አይታየኝም ካለ ምን ይቀረዋል ገነቴ?»

«ሚስት ይቀረዋላ!» አሉና በጃንጥላው ጫፍ ጫማቸውን ነካ አደረጓቸው። «አሁን ለአዶናይ ደውልለት።»

ደወሉ። አዶናይ «አባባ፣ ምን ሆነህ ነው?» ብሎ ደነገጠ፤ መሪውን እንዲይዝ አባቱ ለምነውት አያውቁማ። እስኪመጣ ድረስ ሊዲያ ስድስቱን ፓውዛዎች ከአናት አወረደች፣ ዋናውን መብራት አጥባ ወለወለች፣ የብርሃኑን ከፍታ ከግድግዳው ላይ ለክታ አስተካከለች። ሁለት ቢጫ የጭጋግ መብራት ከፓራውልቱ ሥር፣ ሁለት የሩቅ መብራት ደግሞ ከፊት መከለያው ላይ፣ በወፍራም ሽቦ፣ በፊውዝና በሪሌ አሠረች። ጋሽ ሀብተሚካኤል ለሩቁ ሰማያዊ ብርሃን ያለው ይሻላል ብለው ትንሽ ሊከራከሩ ሞክረው ነበር። እትዬ ገነቴ ጃንጥላውን ሲያነሡ ነጩን መረጡ።

በሚቀጥለው ሳምንት የዓይን ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሐኪሙ ሞራ ግርዶሽ ነው አለ። ታክመው ዳኑ፤ አሁን ቀን ቀን ራሳቸው ይነዳሉ፣ ሌሊት አዶናይ ይነዳል፣ እርሳቸው ከጎኑ ተቀምጠው ስህተት ይፈልጋሉ። ባትሪው ጠዋት ጠዋት ሳይገፋ ይነሣል። ከስድስቱ ፓውዛዎች ሁለቱ ከመኪናው ኋላ ታሥረው ለማራገፊያ ያገለግላሉ፤ አንዱ የእትዬ ገነቴን የዶሮ ቤት ይጠብቃል። ዶሮዎቹ እንቅልፍ አጣን ብለው ከሆነ እስካሁን ለእኔ ያመለከተ የለም።

አንባቢዬ ሆይ፣ እንግዲህ ጠባዬ ነውና ምክሬን ልናገር። ለመኪናህ መብራት ስትመርጥ ብዛቱን አትቁጠር፤ የት እንደሚታሠር፣ ወዴት እንደሚያበራ፣ መቼ እንደሚጠፋ ጠይቅ። ያለህን ሳታጥብ አዲስ አትግዛ። ዓይንህም ከደከመ ለሐኪም ንገር፣ ለሚስትህም ንገር። ከፊትህ የሚመጣው ሰው ካላየ አንተም አልተረፍክም።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ጋሽ ሀብተሚካኤል በደስታ ፊታቸው በርቶ ያዙኝ። «መምህር፣ ብርሃኔን አሸነፍኩት!»

«ደግሞ ፓውዛ ጨመሩ?»

«ኧረ የለም! ትናንት ሌሊት ፊት ለፊት ስንገናኝ አዶናይን አውርድ አልኩት። ብርሃኔ ገና እጁን ሳይዘረጋ እኛ ቀድመን አወረድን! አፍሮ እሱም አወረደ። ዛሬ ጠዋት ደውሎ፣ በሚቀጥለው እኔ ነኝ የምቀድምህ ብሎ ዝቶብኛል።»

እትዬ ገነቴ ቀይ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ከኋላችን ይመጡ ነበር። «ይዛት መምህር» አሉኝ፣ «ይዛት። እንዲህ ያለውን ዛቻ በየሌሊቱ ያምጣልን።»